የዓሣ ገንዳዬ እምቦጭ

አስቀድመን እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬም አይፈቅድልኝም። መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ እሰቅላለሁ፣ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ በዚህ ሥራ ስቆይ ደግሞ "ቴሌቪዥናችን ላይ የሆነ ነገር ሰፍሮበታል" ተብዬ ያልተጠራሁበት ሰፈር የለም፣ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፣ ሰው ሳይነካው ያወራል ይሉኛል፣ ሄጄ ስከፍተው ወይ በረሮ ነው፣ ወይ የጎረቤት ሪሞት ነው። አንዲት ሴትዮማ ቄሱንም ሼኩንም አስመጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው እኔን የጠራችኝ፣ ገመዱን አይጥ በልታው ነበር። እና አሁን የምነግራችሁን ስነግራችሁ እያፈርኩ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የጀመረው በዓሣ ነው። ደሴ አንድ ሆቴል ዲሽ ልሰቅል ሄጄ እንግዳ መቀበያው ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አየሁ፣ ሥራዬን ጨርሼ ፊቱ ቁጭ ስል ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ ከአንድ ሰው አሮጌ ገንዳ ገዛሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አራት ቀያይ ዓሣዎች በፕላስቲክ አንጠልጥዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ባለቤቴ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ "በዚህ ከተማ ሰው እንኳ ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ አንተ ለዓሣ ከየት ልታመጣ ነው?" አለችኝ፣ መልሴንም ሳትጠብቅ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" ብላ ገባች። እውነቷን ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ማን ይሰማታል።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ መጣች። እማየ የምትኖረው ወደ ወግዲ መንገድ ገጠር ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ታመመች፣ እህል አልቀበል አለች፣ ከስታ ከስታ ቆዳና አጥንት ሆነች፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ታገሱ አሉን፣ እኛም ቤታችን አስቀመጥናት። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር፣ አንድ ቀን ደግፌ ሳሎን ሳወጣት ገንዳውን አየችና ቆመች፣ "እነዚህ ደግሞ አፋቸው አያርፍም እንዴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያወሩት?" አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዷ ነው፣ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ገንዳውን አንስቼ እሷ ከተኛችበት ክፍል በር አጠገብ አደረግኩት፣ አልጋዋ ላይ ሆና እንድታያቸው።

እማየ ከመድኃኒቱ ጋር ጠበል ትጠጣ ነበር። ዘመዶቻችን ወደ ቆላው ወርደው የቀዱላት ነው፣ ከዋናው መንገድ ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል፣ በባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን አምጥተው፣ ከሌላው ውሃ እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ጠዋት ጎህ ሲቀድ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አንድ ኩባያ ትቀዳለች፣ በስመ አብ ትላለች፣ በሦስት ጉንጭ ትጨርሰዋለች። እኔ አላምንበትም፣ እሷ ግን ታምንበታለች፣ ለኔ ይኼ ይበቃኝ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። የቧንቧ ውሃ ሦስት ሳምንት ጠፋ፣ የገንዳው ውሃ ጎደለ፣ ዓሣዎቹ ላይ ላዩን መጥተው ማዛጋት ጀመሩ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ብዬ ክዳናቸውን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ያቆየኋቸው ጀሪካኖች ነበሩ፣ ለካ ብርቄ የእማየን ክፍል ስትጠርግ ጠበሉንም አውጥታ አጠገባቸው አስቀምጣው ኖሯል፣ አንድ ረቡዕ አመሻሽ ከሥራ ተናድጄ ገባሁ፣ መብራት የለም፣ በድንግዝግዝ አንዱን አንስቼ ገለበጥኩ፣ ሁለተኛውን ገለበጥኩ፣ ሦስተኛውን ጨርሼ ባዶውን ወደ ቦታው ስመልስ ጣቴ ክር ነካ።

ቀይ ክር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ አራት ዓሣ በእናቴ ጠበል ውስጥ ይዋኛል። ደግ ልጅ ብሆን ኖሮ ገብቼ እማየ ይቅር በይኝ እል ነበር፣ እኔ ግን ምን አደረግኩ፣ ጀሪካኑን ከበርሜል በቀዳሁት የቧንቧ ውሃ እስከ አንገቱ ሞልቼ፣ ክሩን አስተካክዬ፣ ቦታው አስቀመጥኩት። እሁድ ወርጄ ሌላ እቀዳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። እሁድ ሲመጣ ከላላ ከተማ ዲሽ የመስቀል ሥራ መጣ፣ በቀጣዩ እሁድ ዝናብ ጣለ፣ በሦስተኛው እሁድ ሰበብ መፈለጉንም ተውኩት።

እመኑኝ፣ የባሰው ነገር ይኼ አይደለም፣ የባሰው እማየ መዳን መጀመሯ ነው። የቧንቧ ውሃዋን በጠጣች በአራተኛው ቀን ሽሮ አምጡልኝ አለች፣ በሳምንቱ ለብቻዋ ተነሥታ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሞቀች፣ ብርቄም "ጠበሉ ሠራ፣ አየህ፣ አንተ ግን አታምንም" እያለች ትኮንነኛለች። ምን ልበላት? የሚያድናትን እምነት በእጄ ልስበረው? ወይስ እናቴን በየማለዳው ላታልላት?

አረሙም የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ሦስት ቅጠል ነበረች፣ ምስር የማታህል፣ ከሥሯ ፀጉር የመሰለ አንድ ሥር የተንጠለጠለባት፣ ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ፣ ከምንጩ ጋር ተቀድታ መጥታ ይሆናል ብዬ እንዲያውም ወደድኳት፣ ለዓሣዎቹ ጥላ ትሆናለች አልኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ገንዳው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጠፈ። መብራቱን ሸፍኖ ታቹን አጨለመው፣ ዓሣዎቹ ጥላ ብቻ ሆኑ፣ እማየም አልጋዋ ላይ ሆና "ልጀ፣ ጨለመባቸው እኮ፣ አጽዳላቸው እንጂ" ትለኛለች። እኔም እምቦጭ ብዬ ስም አወጣሁለት፣ ጣና ላይ ያን ሁሉ ሰው ያስቸገረውን ሳስብ እጽናና ነበር፣ ግን ያ ሐይቅ ነው፣ የኔ አንድ ሳጥን ነው፣ አንድ ሳጥን!

ያላደረግኩት የለም። በሻይ ማጥለያ እየጨለፍኩ አወጣሁት፣ አንዲት ቅጠል ጥግ ላይ ከቀረች በሦስት ቀን እናት አባቷን ትጠራለች። መብራቱን አጠፋሁ፣ በጨርቅ ሸፈንኩት፣ የዓሣዎቹን ምግብ ቀነስኩ፣ ምክንያቱም የተረፈው ምግብና ኩሳቸው ነው አረሙን የሚያደልበው ብሎ አንድ የደሴ ሰው በስልክ ነግሮኛል። ይኼ ተክል የሚናወጥ ውሃ አይወድም ስላለኝ አየር የምትነፋዋን ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ አዙሬ ውሃውን አናወጥኩት፣ እሱ ግን እያዞረው ጥግ ለጥግ ጨፈረበት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፣ እኔን ግን የወረሰኝ ቅጠል ነው።

መጣያውስ? ተራ አረም ቢሆን ቦይ ውስጥ ደፍቼ እገላገል ነበር፣ ግን ውሃው ጠበል አለበት፣ ጠበል ደግሞ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፣ ይኼን ከልጅነቴ ጀምሮ እማየ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። አላምንም አልኳችሁ አይደል? እጄ ግን እምቢ አለ። በየማታው አንድ ጣሳ አረንጓዴ ነገር ታቅፌ፣ ጓሮ ዞሬ፣ በአጥሩና በጽድ ዛፉ መሀል ሰው በማይደርስበት ሰዋራ ቦታ እየደፋሁ እመለሳለሁ። ብርቄ አንድ ቀን ተከትላኝ ኖሯል፣ "አረም ነው ወይስ ታቦት ነው የተሸከምከው? ለዶሮዎቹ አትበትነውም?" አለችኝ። ለዶሮ! ብነግራት ለእማየ ትነግራታለች፣ ስለዚህ ጮህኩባት። ሆዷ ገፍቶ ቁና ቁና በምትተነፍስበት ወር ላይ ያለች ሴት ላይ ስለ አረም ጮህኩ፣ እንዲህ ነበር ያደረገኝ።

ከዚያ ቀዳዳውን አየሁ። ማታ አጽድቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሣ ቅጠሉ እንደልማዱ ዳር እስከ ዳር ለብሶ፣ ወደ እማየ በር በኩል ባለው ጥግ ብቻ አንድ ክብ ባዶ ቦታ ትቷል፣ የኩባያ አፍ ታህላለች፣ በኮምፓስ የተሠራች ይመስል ጠርዟ ልክ ነው። ፓምፑ ነው አልኩ፣ ወደ ሌላ ጥግ አዞርኩት፣ ክቡ አልሄደም። ፓምፑን ነቅዬ አወጣሁት፣ ውሃው ጸጥ አለ፣ ክቡ እዚያው ነው። በጣቴ ቅጠሉን ገፍቼ ዘጋሁት፣ ቆሜ እያየሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው፣ ወደ ዳር ወደ ዳሩ ተመለሰ።

ቀጥሎ ውሃው መጉደል ጀመረ። መጉደሉ አይደለም የገረመኝ፣ ውሃ ይተንናል፣ ይኼን ማንም ያውቃል፣ ግን የኛ ከተማ ብርድ ነው፣ ላዩ ደግሞ በቅጠል ተሸፍኗል። የሽቦ መጠቅለያ ጥቁር ቴፕ በውሃው ልክ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፣ ማታ አየሁት፣ እዚያው ነው፣ ከመንጋቱ በፊት አየሁት፣ እዚያው ነው፣ ቁርስ ላይ ስመጣ ከቴፑ ወርዷል። በማግስቱም እንዲሁ። ልኩን ልወቅ ብዬ በኩባያ ቀድቼ ሞላሁት፣ ቴፑ ጋ ለመድረስ የወሰደው አንድ ኩባያ ነው፣ ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያ አያንስም።

እንግዲህ ያን ጠዋት። ከላላ ሥራ ነበረኝና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ሳሎን ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እማየ ክፍሏ ውስጥ ስትነሣ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ጀሪካኑን ስታነሣ፣ ኩባያው ውስጥ ስትቀዳ፣ ሁሉም ይሰማኛል። "በስመ አብ" አለች። ከዚያ ስትውጥ ሰማሁ፣ ግን ድምፁ ከክፍሏ አልመጣም፣ ከጎኔ ነው የመጣው። ዞር ስል ቅጠሉ መሀል ያለችው ክብ ወደ ታች ስርጉድ አለችና ተመለሰች። "ወወልድ።" ስርጉድ። "ወመንፈስ ቅዱስ።" ስርጉድ። አራቱም ዓሣ ከሥሯ ተሰብስበው ወደ ላይ አንጋጠው ነበር። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ቀጭ አለ፣ "ተመስገን" አለች። አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ቀኑን ሙሉ ራሴን ስከራከር ዋልኩ፣ እንቅልፍ አልጠገብኩም፣ ዓሣ ነው ውሃ የመታው፣ ንዝረት ነው፣ ምናምን። ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሄጄ ጀሪካኑን አነሣሁት። እኔ ከሞላሁት ወር አልፎታል፣ በየቀኑ አንድ ኩባያ የተቀዳበት አምስት ሊትር ድሮ ማለቅ ነበረበት። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ብርቄን "አንቺ ነሽ የምትሞይው?" አልኳት፣ "ወላሂ ነክቼው አላውቅም፣ የእማማን ጠበል እኔ ምን በወጣኝ እነካለሁ?" አለችኝ፣ ብርቄ ወላሂ ብላ አትዋሽም፣ እንደማትዋሽም አውቃለሁ።

አንድ ሙከራ ነበረችኝ። ገንዳው እየጎደለ ስለነበር አንድ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ በማግስቱ ጠዋት እማየ ከኩባያዋ ጠጥታ "ልጀ፣ ዛሬ ጠበሉ ምነው ቀጠነብኝ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይኼን ስትለኝ ፍርሃቱ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ወር ሙሉ የአንድ ሳጥን ውሃ መጫወቻ ሆኛለሁ፣ እንቅልፌ ሄዷል፣ ሚስቴ ላይ ጮኼያለሁ፣ እናቴን ዓይኗን ማየት አልችልም፣ በቃ! አረሙን ከሥሩ የማጥፊያው መንገድ አንድ ነው፣ ገንዳውን ባዶ ማድረግ፣ ፍቆ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ያ የደሴ ሰውም መጨረሻ ላይ ያለኝ ይኼንኑ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ብርቄ ገበያ ሄዳ፣ እማየ ከፊት ለፊት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ፣ ዓሣዎቹን ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዛወርኩ፣ ጎማ አስገብቼ በአፌ ስቤ ውሃውን በኋላ መስኮት በኩል ወደ ጽዱ ሥር ለቀቅኩት።

ሲወርድ ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ቅጠሉ ከውሃው ጋር እያብረቀረቀ ወረደ፣ ወረደ፣ ቴፑን አለፈ፣ ግማሽ ደረሰ፣ ክቧ ግን እዚያው ጥግ ላይ ሆና አብራ ትወርዳለች።

"አበራ!" አለች እማየ ከበረንዳው። "ማነው ውሃየን የሚያፈሰው?"

በእሷና በእኔ መሀል ሁለት ግድግዳ አለ፣ ጎማው በጓሮ ነው፣ የሚንጠባጠብበት ቦታ ድምፅ የለውም። ጎማውን ከውሃው ስቤ አወጣሁት። ሮጬ ስወጣ አንድ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ነበር፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ "አፌ ደረቀ፣ ልጀ፣ ድንገት ሁሉ ነገሬ ደረቀ" አለችኝ። ተሸክሜ አስገባኋት። ገንዳው ውስጥ የቀረው አራት ጣት የሚሆን ነው።

ቅዳሜ አልተነሣችም፣ እሁድም አልተነሣችም፣ የተሰጣትን ሁሉ መለሰች። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወር ሙሉ የሸሸሁትን መንገድ ወረድኩ፣ እያለቀስኩ ነው የወረድኩት፣ በአዲስ ጀሪካን እውነተኛውን ጠበል ቀድቼ ለዓይን ሲይዝ ተመለስኩ። ኩባያ ሞልቼ ሰጠኋት። አንድ ጉንጭ ወሰደችና በሁለት እጇ መለሰችልኝ፣ "ጠበሉስ ጠበል ነው፣ ይማረኝ" አለች፣ "የኔ ግን አይደለም። የኔን አምጣልኝ።"

ቀይ ክር ካለበት፣ ከዚያ እኔ ራሴ ከበርሜል ከሞላሁት፣ ቀዳሁላት። በሦስት ጉንጭ ጠጣች። ከበሩ ወዲያ ገንዳው ሲውጥ የሚያሰማውን ድምፅ እሷ ትስማው አትስማው አላውቅም፣ እኔ ሰምቻለሁ። ማታውን እህል ቀመሰች።

ያኔ ልነግራት ቆረጥኩ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ "እማየ፣ ያ ጀሪካን እኮ..." ስል እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። "አብሽር ልጀ" አለችኝ፣ "ድኜ ስጨርስ ትነግረኛለህ፣ አሁን ከኔና ከሚያድነኝ መሀል አትግባ።" ታውቃለች ማለት ነው? ወይስ እንዲያው የታመመ ሰው ንግግር ነው? እስካሁን ስገላብጠው አድራለሁ።

ያመጣሁትን ጠበል ገንዳው ላይ ልጨምር ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ፣ የቧንቧውን ስጨምር ቀጠነብኝ ያለችው ትዝ ይለኛል፣ ይኼኛው ደግሞ ጭራሽ ቢያበላሽባትስ? ዓሣዎቹ አሁንም ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ብርቄ ልብስ የምታጥብበት አጥታ በየቀኑ ትረግመኛለች። አረሙን ማጽዳት ትቻለሁ፣ እንደፈለገ ይሁን፣ ቢያንስ ውሃው እንዳይተን ይሸፍናል። ውሃው ግን በየጠዋቱ ይወርዳል፣ ትናንት በጣቴ ስለካው ሁለት ጣት ነው።

እማየማ ድናለች፣ ያያት ሁሉ ይመሰክራል፣ ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን ራሷ አጥባ አሰጣች፣ ከዚያ ሳሎን ገብታ ብርቄን አጠገቧ አስቀመጠችና ሆዷን ዳበሰችላት።

"ደክሞሻል ልጀ፣ ፊትሽ ገርጥቷል" አለቻት፣ "ከነገ ጀምሮ ላንችም ከጠበሌ አንድ ኩባያ እቀዳልሻለሁ። እኔን ያዳነ ላንችና ለልጅሽም ይሆናል።"

"እሺ እማማ፣ ይባርኩኝ" አለች ብርቄ፣ ጉልበቷንም ሳመቻት።

እኔ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ዓይኔን ከእነሱ ለማሸሽ ወደ ውሃው ጎንበስ አልኩ። ከክቧ ጎን ቅጠሉ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ሲል አየሁ፣ ሁለተኛ ክብ፣ ከፊተኛዋ ትንሽ ያነሰች። በጣቴ ገፍቼ ዘጋኋት። ተመልሳ ተከፈተች።